ካርዱን አውጡትና እዩት

እናቶች የልጃቸውን የክትባት ካርድ ከየት እንደሚያወጡት ማየት እወዳለሁ። አንዷ ከመቀነቷ ትፈታዋለች፤ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ለስልሶ። ሌላዋ ከመታወቂያዋና ከዕቁብ ደብተሯ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ታመጣዋለች። ከዳዊቷ መሐል የምትመዝም አለች። አንዲት እናት ደግሞ እንዳይቀደድባት ብላ በፕላስቲክ አስለብጣው መጣች፤ ቀን የሚጻፍባቸው ሣጥኖችም አብረው ስለተለበጡ በእስክርቢቶ መጻፍ አልተቻለም፤ ማርከር ተውሼ ጻፍኩላት። ካርዱን እንዲህ የምትጠብቅ እናት ለልጇ ምን ያህል እንደምትሳሳ አያጠያይቅም።

ነርስ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። አሁን አዲስ አበባ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ክፍል እሠራለሁ። እናቶቹ "ሲስተር" ይሉኛል። ይህን የምጽፈው በየካርዱ ላይ ስለማየው አንድ ነገር ነው፤ ተጀምረው ስለቀሩ ክትባቶች።

ሰው ስለ ክትባት ሲያወራ ቶሎ የሚያነሣው "ልጄን አላስከትብም" የሚሉትን ወላጆች ነው። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ እንዲህ ብለው የገጠሙኝ ጥቂት ናቸው። የሚበዙት የመጀመሪያውን አስከትበው፣ ምናልባት ሁለተኛውንም አስከትበው፣ ከዚያ የጠፉት ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ይህንኑ አሳይቷል። ከ100 ሕፃናት 73ቱ "ፔንታ" የምንለውን ክትባት አንድ ጊዜ ወስደው ነበር፤ ሦስተኛውን የወሰዱት 53 ብቻ ናቸው። ከጀመሩት መካከል 20ዎቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። የነዚያ ልጆች እናቶች ክትባት የሚጠሉ አይደሉም። አንድ ቀን ተነሥተው መጥተዋል፣ ወረፋ ጠብቀዋል፣ ልጃቸው ሲወጋ አብረው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ በኋላ ግን አዝመራ ደረሰ፣ ቤት ለቀቁ፣ ልጁ ጉንፋን ያዘው፣ ወይም እኛ የጤና ባለሙያዎቹ መለስናቸው።

ካርዱ ምን ይላል?

ልጅ እንደተወለደ ቢያንስ ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንዱ ክንዱ ላይ በቆዳው ውስጥ የሚወጋው ቢሲጂ ነው፤ ከቲቢ፣ በተለይም የሕፃናትን አንጎል ሽፋን ከሚያጠቃው ቲቢ ይከላከላል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቦታው ላይ ትንሽ ቁስል ይወጣና ጠባሳ ትቶ ይድናል። ቅቤ የሚቀቡት፣ ቅጠል የሚለጥፉበት አሉ፤ ምንም አያስፈልገውም፣ በንጽሕና መተው ብቻ ነው። ሁለተኛው በአፉ የሚጨመርለት የፖሊዮ ጠብታ ነው።

ከዚያ የሚመጣውን እናቶች "የ45 ቀን" ይሉታል። በዚህ ቀን ልጁ ፔንታ ይወጋል። ፔንታ አምስት በሽታን በአንድ መርፌ የያዘ ነው፦ ጉሮሮ የሚዘጋውን ዲፍቴሪያ፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታ የሚያመጣውን ሄፓታይተስ ቢ እና ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያስከትለውን ሂብ የሚባል ባክቴሪያ። በሌላኛው ጭኑ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት የሳንባ ምች መከላከያ ይወጋል። ለከባድ ተቅማጥ የሮታ ጠብታ፣ ለልጅነት ልምሻ የፖሊዮ ጠብታ ይጨመርለታል። በሁለት ወር ከ15 ቀኑና በሦስት ወር ከ15 ቀኑ ተመልሶ ይመጣል፤ በመጨረሻው ላይ በመርፌ የሚሰጥ የፖሊዮ ክትባትም አለ። ቀጥሎ በ9 ወሩ የኩፍኝ፣ በ15 ወሩ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ይሰጠዋል።

"አንዴ ከተወጋ አይበቃውም ወይ?" ይሉኛል። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አንድ ቀን የታየ ፊደል ሲያድር ይጠፋል፤ ደጋግመው የቆጠሩት ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። የልጅ ሰውነትም በሽታውን መለየት የሚማረው እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው መርፌ ያስተዋውቀዋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያጸኑለታል። በአንዱ ብቻ የቀረ ልጅ ትክትክ ቢመጣበት መከላከያው ስስ ነው። ትክትክ የያዘው አራስ ሕፃን አይቼ አውቃለሁ። ሳሉ ሲነሣበት ትንፋሽ ያጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ እናቱ ደረቷ ላይ አስጠግታው ከእሱ ጋር ትንፋሿን ትይዛለች።

ቀኖቹን በተመለከተ አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰቦች ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ወንዱ 45 ቀን ሲሞላው እናቱ ከአራስ ቤት ወጥታለች፤ ይዛው ትመጣለች። ሴቷን በተመለከተ ግን 80 ቀን እስኪሞላ ድረስ 45ኛው ቀን ያልፋል፣ ሁለተኛው ቀጠሮም ያልፋል። "ክርስትና ሳትነሣ እንዴት ከቤት ይዣት እወጣለሁ?" ያሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። የ80 ቀኑ ሥርዓት ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣትን አይከለክልም። ይህንን ለአራሶቹ የሚያስረዱ የነፍስ አባቶች አሉ። ከአንድ አጥቢያ በእንዲህ ያለ ምክር የተላኩ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ታቅፈው በቀናቸው ሲመጡ ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

"ሐሙስ ነይ"

አሁን የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና ገጠር ሳለሁ፣ አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ልጇን አዝላ፣ በላስቲክ ሸፍና፣ በዝናብ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛ መጣች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። የመጣችው ለኩፍኝ ክትባት ነው። ካርዱን አየሁት፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ቀጠሮ አላለፋትም።

የኩፍኝ ክትባት ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው። ከራሱ ማሟሚያ ጋር ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ያኔ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ የሚሆን ነበር። በዚያ ዝናብ የመጣችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። የዘጠኝ ልጅ መድኃኒት ከሚደፋ ብዬ አሰብኩና "ሐሙስ ነይ እናትዬ፣ ሐሙስ ብዙ ልጅ ይመጣል" አልኳት። "እሺ ሲስተር" ብላ ልጇን መልሳ አዘለቻትና ሄደች።

ሐሙስ አልመጣችም። በሚቀጥለውም ሐሙስ አልመጣችም። እኔም በሥራ ብዛት ረሳኋት።

ኅዳር ላይ ልጅቷን ታቅፋ ገባች። ልጅቷ በትኩሳት ትነዳለች፤ ዓይኖቿ ቀልተው ተጣብቀዋል፤ ሽፍታው ከፊቷ ጀምሮ ደረቷን አልፎ ወርዷል፤ ስትተነፍስ ጎድኗ ውስጥ ይገባል። ኩፍኝ መንደሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሆስፒታል ላክናት። ሳንባዋ ላይ የወረደው ምች ዳነላት። የግራ ዓይኗ ብሌን ላይ ግን ነጭ ጠባሳ ቀረ። በዚያ ዓይኗ አታይም።

እናትየዋ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። "ሐሙስ ነይ ብለሽኝ ነበር፤ ሐሙስ እኮ ገበያ ነው" አለችኝ፤ ሌላ የጨመረችው የለም። ቤቷ የሚተዳደረው ሐሙስ ገበያ ወስዳ በምትሸጠው ነበር። እኔ ሳልጠይቃት ነው ቀን የቀጠርኩላት።

ከዚያ ወዲህ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጥ እከፍታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። የተደፋ መድኃኒት ይተካል፤ ዓይን አይተካም። እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ "ሌላ ቀን ኑ" ብትባሉ፣ "ልጄ ዛሬ ቀኑ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ያን ቀን መምጣት አልችልም" በሉ። መብታችሁ ነው። ቀጠሮ ሲሰጣችሁም የገበያውን፣ የልቅሶውን፣ የሥራውን ቀን ንገሩን፤ ለሁላችንም የሚመች ቀን እንፈልጋለን።

ኩፍኝን ቀላል የልጅነት ሽፍታ አድርገው የሚያዩት አሉ። ከምናውቃቸው በሽታዎች ሁሉ እንደ ኩፍኝ የሚዛመት የለም ማለት ይቻላል። አንድ የታመመ ልጅ አጠገቡ ካሉ ያልተከተቡ 10 ሰዎች እስከ 9 ሊያስይዝ ይችላል። የታመመው ልጅ ክፍሉን ለቆ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በአየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ወደ ሳንባ ምች ይቀየራል፤ በተለይ ቫይታሚን ኤ ያነሰውን ልጅ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ሰፈር ከኩፍኝ ተጠብቆ እንዲኖር ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም ዙር መከተብ አለባቸው።

ሁለት ዙር ያልኩት በምክንያት ነው። በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል፤ ልጁ ከእናቱ ማህፀን ይዞት የመጣው መከላከያ ገና ስላልጠፋ በቀሩት ላይ ላይሠራ ይችላል። የ15 ወሩ ክትባት እነዚያን የቀሩትን ለማግኘት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ ካርዶች ላይ በብዛት ባዶ ሆና የማያት ሣጥን ይህች ናት። ልጁ ቆሞ መሄድ ጀምሯል፣ ጥርስ አብቅሏል፣ ጤነኛ ነው፤ እናቱ "ጨርሰናል" ብላ ካርዱን አስቀምጣዋለች። አልጨረሳችሁም፤ አንዲት ቀን ቀርታችኋለች።

ከክታብ ወደ ክትባት

የአያቴ ፊት በፈንጣጣ የተበሳሳ ነበር። ልጅ ሆነን ጭኗ ላይ ተቀምጠን በጣታችን ጉድጓዶቹን ስንነካካ ዝም ትለን ነበር። ሁለት ወንድሞቿ በዚያው ሳምንት መሞታቸውን የነገረችኝ ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነው።

በአያቴ ዘመን ልጅ አንገቱ ላይ ክታብ ይታሰርለት ነበር። ክታብና ክትባት የተገኙት ከአንድ ግስ ነው፤ "ከተበ" ማለት ጻፈ ማለት ነው፣ ቆዳን በጥቶ መድኃኒት አስገባ ማለትም ነው። አባቶቻችን ዘመናዊው ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ጥቂት መግል ወስደው የጤነኛውን ሰው ክንድ በጥተው ያስገቡ ነበር። አደጋ ነበረው፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ ሰውነት አስቀድሞ ያወቀውን በሽታ ይቋቋማል። ስለዚህ "ክትባት የውጭ ሰው ነገር ነው" ለሚሉኝ ቃሉንም ሐሳቡንም ከጥንት እናውቀዋለን እላቸዋለሁ።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻ ሰው ደግሞ ጎረቤታችን ነው። ዓሊ ማው ማሊን የተባለ፣ ሶማሊያ ውስጥ በመርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረ ወጣት ጥቅምት 1970 ዓ.ም. ታመመ። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ መርፌው ያመኛል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ዳነ። በኋላም ለፖሊዮ ክትባት በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ቤት ለቤት እየዞረ የራሱን ታሪክ ለወላጆች ይነግር ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. በወባ የሞተውም በዚያው የፖሊዮ ሥራ ላይ ሳለ ነው። ሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረውም በዚሁ ዓመት ነው፤ ያኔ የሚከላከለው ስድስት በሽታ ነበር።

ሥራ ስጀምር የነበረው ካርድ ከዛሬው አጭር ነበር። ፔንታ በ1999 ዓ.ም. መጣ። የሳንባ ምች መከላከያው በ2004፣ የሮታ ጠብታ በ2006፣ በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮ በ2008 ተጨመሩ። በየጊዜው ሥልጠና ገብተን፣ ማቀዝቀዣ አስፍተን፣ አዲስ መዝገብ አስምረን ተቀበልናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ጥናት ክትባት በ50 ዓመት ውስጥ 154 ሚሊዮን ሰው ከሞት ማትረፉን ገምቷል፤ ከዚህም ትልቁን ድርሻ የያዘው የኩፍኝ ክትባት ነው።

ለእኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የማልረሳው አንድ አራስ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የስምንት ቀን ልጅ ይዘው መጡ። እትብቱ ቤት ውስጥ በምላጭ ተቆርጦ ቅቤ ተቀብቶ ነበር። ጡት መያዝ አቅቶታል፤ በር ሲከፈት፣ ሰው ሲናገር ሰውነቱ እንደ እንጨት ይገተራል። መንጋጋ ቆልፍ ነበር፤ አልተረፈም። የሚከተቡ እናቶችና በጤና ተቋም የሚወልዱ ሲበዙ ይህ በሽታ እየራቀ ሄደ፤ በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ ማውረዷ ተረጋገጠ። ጀርሙ ግን አፈር ውስጥ ይኖራል፤ አይጠፋም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ ለእርግዝና ክትትል ስትመጡ የራሳችሁን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ። እናት ስትከተብ ልጇም ተከትቦ ይወለዳል።

ፖሊዮም እንዲሁ ነው። በአገራችን የመጨረሻው የተፈጥሮ ፖሊዮ የታየው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከተፈጥሮ ፖሊዮ ነፃ ተባለች። ይሁንና ብዙ ያልተከተበ ልጅ ባለበት አካባቢ፣ በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ ልምሻ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያም ተከስቷል። መድኃኒቱ ልጆችን ሁሉ መከተብ ነው። ዘመቻ ተብሎ በራችሁ ሲንኳኳ "የእኔ ልጅ ጨርሷል" ብላችሁ አትመልሷቸው።

ብልቃጧ ላይ ያለችው ምልክት

"መድኃኒቱ ሳይበላሽ ነው የመጣው?" ብላችሁ ብትጠይቁ አልቀየምም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከፋብሪካ እስከ መጋዘን፣ ከመጋዘን እስከ ወረዳ፣ ከወረዳ እስከ ጤና ኬላ ቅዝቃዜው አይቋረጥም። የመጨረሻውን መንገድ የሚሸከሙት ብዙውን ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እነዚህ ሴቶች ቫክሲን ካሪየር የሚባለውን የክትባት መያዣ ሣጥን ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ በውስጡ የበረዶ ጥቅል ደርድረው ወንዝ ይሻገራሉ፣ ዳገት ይወጣሉ።

ብልቃጧን ጠጋ ብላችሁ እዩአት። ክብ ምልክት አለች፤ በክቡ መሐል ትንሽ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኗ ከክቡ የነጣች ከሆነች ክትባቱ ደኅና ነው። ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለች ወይም ከበለጠች ብልቃጡ ይጣላል። አንዲት ተማሪ እናት ምልክቷን አሳይቻት ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጣች ቁጥር "ሲስተር፣ ክቧን አሳዪኝ" ትለኛለች። ሁሉም እናት እንደ እሷ ብትጠይቅ ደስ ይለኛል።

ካርዱ ቢጠፋስ? ቀኑ ቢያልፍስ?

ባለፈው ዓመት አንዲት አያት የ11 ወር የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። እናቱ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አምስት ወር ሲሞላው ነው ትታው የሄደችው። ካርዱ የለም። "ልጄ፣ ካርድ ከሌለ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የቀረሁት" አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው።

"እማማ፣ መምጣትዎ ነው ትልቁ ነገር" አልኳቸው። ክንዱን ገልጬ አየሁ፤ የቢሲጂው ጠባሳ አለ። ከዚያ እናቱን በኢሞ ደወልንላት። ወጥ ቤት ቆማ ነበር የመለሰችው። ካርዱን ፎቶ አንሥታው ኖሯል! ስልኳ ውስጥ ፈልጋ ላከችልን፤ የ45 ቀኑ ተሰጥቷል፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። በዚያው ቀን ሁለተኛውን ፔንታና የሳንባ ምቹን፣ 9 ወር ስላለፈውም የኩፍኙን አብሬ ሰጠሁት። እናቱ ከወዲያ በስክሪኑ ልጇ ሲያለቅስ እያየች ታለቅስ ነበር። ልጁ ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሦስተኛውን ወሰደ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ወላጅ የሚጠይቀኝ ነገር ይመለሳል። ቀኑ ያለፈበት ልጅ ከሀ አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ብዙ ክትባት በአንድ ቀን መውሰድ አይጎዳም። ካርዱ ከጠፋ የጤና ጣቢያው መዝገብ ይታያል፤ መዝገቡም ካልተገኘ ክትባቱ እንደገና ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ የተደገመ ክትባት ልጁን አይጎዳውም። ካርዱንም ዛሬውኑ ፎቶ አንሥታችሁ ለባለቤታችሁ፣ ለእህታችሁ ላኩት። ዲቪ ደርሷቸው ለጉዞ ሲሰናዱ ወይም አሜሪካ ገብተው ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ የክትባት ማስረጃ ተጠይቀው የድሮ መዝገብ እንድንፈልግላቸው የሚለምኑን ቤተሰቦች በየጊዜው አሉ።

ቀላል ጉንፋን፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ መከተብ ይችላል። የምናቆየው ሆስፒታል የሚያስተኛ ከባድ ሕመም ላለበት ነው፤ ከዚህ በፊት ተከትቦ ሰውነቱ በከባድ ሁኔታ ከተቆጣ ደግሞ ያንን ክትባት አንደግምም። ፔንታ ከተወጋ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ማተኮስና መነጫነጭ የተለመደ ነው፤ ጡት ደጋግማችሁ አጥቡት። ትኩሳቱ ከበረታ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው ይዛችሁት ኑ፤ በሌሊትም ቢሆን።

ስለ ልጃገረዶች ክትባት የሚወራውንም እሰማለሁ። "ያመክናል" ይባላል። አያመክንም። ይህ ክትባት የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ ነው የሚከላከለው። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ፣ በኋላ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሰፍቷል። በዚህ ዕድሜ የሚሰጠው ቫይረሱ ሳይደርስባቸው ለመቅደም ነው። የራሴ ልጅ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ተከትባለች።

ዛሬ ማታ

በ1992 ዓ.ም. በአገራችን መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት ከ100 ሕፃናት 14 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 39 ደርሰዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 89፣ አፋር ላይ 15። የቀረው መንገድ ረጅም ነው። መንገድና መብራት፣ ማቀዝቀዣና ሰላም ይፈልጋል፤ ያ የመንግሥትና የእኛ የባለሙያዎች ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ቤት ያለው ሥራ ግን ትንሽ ነው።

ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ካርዱን ካለበት አውጡት። አባቶችም አብራችሁ እዩት፤ ካርዱ የእናት ብቻ አይደለም። ሣጥኖቹን ከላይ ወደ ታች በጣታችሁ ተከተሉ። ቀን ያልተጻፈባት ሣጥን ካገኛችሁ፣ ልጁም ዕድሜው ደርሶ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ይዛችሁት ሂዱ። በነፃ ነው። ዘግይታችሁ ብትመጡ የሚቆጣችሁ ሊኖር አይገባም።

ያቺ በዝናብ የመለስኳት ልጅ አሁን ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። ትማራለች፤ ሰሌዳው እንዲታያት በቀኝ ዓይኗ በኩል አስተካክላ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የእናንተ ልጅ ቀኑ ከደረሰ ሐሙስን አትጠብቁ።